ሳህለ ስለ ጦርነቱ ጌም የሰጠው አስተያየት

«ከዛሬ ጀምሮ ልጄ እዚህ ቤት አይመጣም።»

ውድነሽ ይህን ያለችው የሳህለ አፓርትመንት በር ላይ ቆማ ነው... ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እንደወጣች፣ ዩኒፎርሟን እንኳን ሳትቀይር።

«እሺ... ምን አጥፍቼ ነው?» አላት ሳህለ።

«በድሉ ወታደር ልሆን ነው አለኝ። ይሄን ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ የከተትከው አንተ ነህ። ትልቅ ሰው ሆነህ ከልጆች ጋር ተኩስ ትጫወታለህ።»



ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2007 ነው። ቦታው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ።

ሳህለ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ አርባን ያለፈ ሰው ነው። ታክሲ ይነዳል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው...

ቤቱ ውስጥ ዓይን የሚገባው ነገር ትልቁ ቴሌቪዥንና የጌም ኮንሶሉ ብቻ ነው።

አዲስ ጌም ወጣ ሲባል ሃቫና ስትሪት ካለው ሱቅ ይገዛል። ተጫውቶ ይጨርሰዋል። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ የሀበሻ ወጣቶች ቤቱ ሲሰበሰቡ አስተያየቱን ይሰጣል።

ሲናገር ደግሞ አይምርም።

ስለ ኳሱ ጌም... «ይሄ የአምናው ነው። ማልያ ቀይረው ነው የሸጡልን። በረኛው አሁንም ከጎን የሚመጣ ኳስ አይታየውም።»

ስለ መኪናው ውድድር... «መኪናዎቹ ያምራሉ። በረዶው ግን ውሸት ነው። ይሄን የሠራው ሰው በክረምት ወደ ኤርፖርት በሚወስደው ፔና ቡሌቫርድ ላይ ፍሬን ይዞ አያውቅም።»

ወጣቶቹ ይስቃሉ። ግን ያምኑታል... እሱ አይረባም ያለውን ጌም ማናቸውም አይገዙም።

ቤተክርስቲያን ላይ ወላጆች «ያላደገው ሰውዬ» ይሉታል። ውድነሽም ከእነሱ አንዷ ነበረች።

የዚያን ቀን ሳህለ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት።

«ግቢ። በድሉም እዚህ ነው። አንዴ ብቻ ቁጭ ብለሽ እዪ... ከዚያ ይዘሽው ሂጂ።»

ገባች። ጃኬቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጇ ኮንትሮለሩን ይዞ፣ ሁለት ጓደኞቹ ግራና ቀኙ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው በዚያ ሰሞን የወጣ የጦርነት ጌም ነው... ወጣቱ ሁሉ የሚያወራለት።

«ጋሽ ሳህለ፣ ይሄስ እንዴት ነው?» አለ አንደኛው ጓደኛው።

«ግራፊክሱ አሪፍ ነው። አቧራውን አሳምረው ሠርተውታል። ድምፁም ጥሩ ነው...»

በድሉ ተኮሰ። አንድ ወታደር ወደቀ።

«እስኪ አትንቀሳቀስ። ዝም ብለህ እየው» አለው ሳህለ።

የወደቀው ሰው ትንሽ ቆየ... ደበዘዘ... ጠፋ። መሬቱ ባዶ ሆነ።

«የት ሄደ?»

በድሉ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ኢትስ ጀስት ሜሞሪ። ሬሳው ሁሉ እዛ ከቀረ ሜሞሪው ይሞላና ሲስተሙ ስሎው ይሆናል። ለዛ ነው የሚያጠፉት።»

«ገብቶኛል» አለ ሳህለ። «እኔ ጋ ግን አልጠፋም።»



«በእናንተ ዕድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱኝ። ወልደየስ የሚባል የሰፈሬ ልጅ ነበር፤ አብረን ነው የተወሰድነው። አጠገቤ ወደቀ። እስኪመሽ ድረስ መጥቶ የሚያነሳው አልተገኘም... ፀሐዩ ከባድ ነበር። ፊቱን በኮፍያዬ ሸፍኜ ዝንብ ስከላከልለት ዋልኩ።»

ድምፁ አልተለወጠም። አሁንም ስለ ጌሙ አስተያየት የሚሰጥ ነው የሚመስለው።

«አዲስ አበባ ስመለስ እናቱ ቤት ሄጄ በር አንኳኳሁ። እሷ ከፈተችና እኔን አየች... ከዚያ ከኋላዬ ልጇን ፈለገች። ይሄን ጌም እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ። እንደዚያ ያለ በር የለበትም። የኔ አስተያየት ይሄ ነው።»

ሳህለ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ልጆቹ ሲወጡ እሷ ወደኋላ ቀረች።

«ሳህለ... እንዲህ የሚያምህ ከሆነ ይሄን ጌም ለምን ትጫወታለህ?»

«አልወደውም። እሱን የተጫወትኩ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ታዲያ?»

«ቤተክርስቲያን ቆሜ ስለ ጦርነት ባወራ ልጆቹ ወለል ወለሉን ነው የሚያዩት። ስለ ጌም ሳወራ ግን ይሰሙኛል... እኔም እዚያው መሀል እነግራቸዋለሁ።»

ውድነሽ አለቀሰች። «እባክህ አትሂድ በልልኝ።»

«እሱን አልልም፣ እህቴ። እኔን ሲወስዱኝ ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም። እሱ ግን ምርጫ አለው። ከሄደም አውቆ ይሂድ።»

በድሉ ሄደ።

ግን ሲፈርም የመረጠው የሕክምናውን ክፍል ነው። «የወደቀ ሰው ጋ ቶሎ የሚደርስ ሰው መሆን ነው የምፈልገው» አላት እናቱን።

እሱ በሌለባቸው ወራት ውድነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳህለ ቤት መሄድ ጀመረች። ከወጣቶቹ መሀል ተቀምጣ፣ ግማሹ ባይገባትም፣ ስለ ጌም የሚባለውን ታዳምጣለች... ሌሎቹ ወላጆች ሲገረሙ «ሄዳችሁ ስሙት» ብቻ ትላቸዋለች።

በድሉ ከጦርነቱ በሕይወት ተመለሰ። እንደ በፊቱ ወሬኛ ግን አልነበረም። ለእናቱም፣ ለጓደኞቹም ምንም አይናገርም።

አንድ ቀን ብቻውን ሳህለ ቤት ሄደ።

ሳህለ አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። ሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ አጠገቡ አስቀመጠው...

ብዙ ከቆዩ በኋላ በድሉ የአንድ ልጅ ስም ጠራ። አብሮት የዘመተ፣ ቆስሎ ሊደርስለት ያልቻለው ልጅ ስም ነው።

ሳህለም «ንገረኝ... ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አለው።

ቤተሰቦቼ... ከልጆቻችን ጋር ቁጭ ብሎ የሚጫወትን ትልቅ ሰው «ያላደገ» ማለት ቀላል ነው። እኛ ከሩቅ ሆነን ስንቆጣ፣ እሱ ግን ልባቸው ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ፣ ራሱን እያመመው እውነቱን ነግሯቸዋል። ልጅ የሚሰማው አጠገቡ የተቀመጠውን ነው።

እስኪ እናንተስ ምን ትላላችሁ... ሳህለ በድሉን «አትሂድ» ማለት ነበረበት? ወይስ ምርጫውን ለልጁ መተዉ ትክክል ነበር?

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልን... አንድ በአንድ እናነበዋለን።