እደጊ፣ ተመንደጊ

የድሃ ልጆች የጤና መድን በዕድሜ መቆጠሩ ቀርቶ በቁመት ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። ዕድሜ ይዋሻል ተባለ። አሁን የጤና ጣቢያው በር ገቢውን ልጅ ሁሉ ራሱ ይለካል፤ ከመስመሩ ያለፈ ልጅ መድኑ እዚያው ይቋረጣል። በር ደግሞ አይለመንም። ስኳር ላለባት ለበፀሎት እስከ መስመሩ የቀራት አንድ ጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ኢንሱሊን የለም። እናቷ መሰለች በየማለዳው ፀጉሯን ከራስ ቅሏ አጣብቃ የምትሠራት ለዚሁ ነው። ጣቷ ዝሏል፤ ግን ትሠራታለች።

እሁድ ለምሳ፣ ገጠር ልጃቸው ዘንድ ዓመታት ከርመው የተመለሱት ጎረቤታቸው እትዬ አልጋነሽ መጡ። በፀሎት ጆጉን አንስታ አስታጠበቻቸው።

«እደጊ! ተመንደጊ የኔ ልጅ!» ብለው መረቋት።

ልጅቷ ደንግጣ እናቷን አየች። ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«ምነው፣ አሜን አይባልም እንዴ?»

«ይተዉት እትዬ» አለች መሰለች፣ ድምፅዋ በድካም ተጎትቶ። «እሱ ምርቃት እኛ ቤት ቀርቷል።»

ተራው የእሷ ነበርና እጇን ዘረጋች። በፀሎት አስታጥባ ስትጨርስ ጆጉን እንደያዘች ምርቃቷን ልትጠብቅ ቆመች፤ አልሄደችም። መሰለች እጇን ሳታደርቅ ቀና ብላ አየቻት።

«ኑሪልኝ» አለቻት በመጨረሻ።

«አሜን» አለች በፀሎት፣ የጤና ጣቢያው በር ሥር እንደለመደችው ጉልበቷን አጠፍ እንዳደረገች።