የአስካለ አፍንጫ

ድንጋይ እንደ ቁስል እየጠገገ መደፈን ከመጀመሩ በፊት፣ ቀራጺው ገዝሙ የሚስቱን የአስካለን ፊት በጥቁር ድንጋይ ቀርጾ ደጅ አቁሞት ነበር። አፍንጫው ልክ እንደ እሷ አምስት ሳንቲሜትር ነበር። እሷ ግን «አርዝመህብኛል» ማለቷን አልተወችም።

አሁን የተቀረጸ ሁሉ በዓመቱ ይደፈናል። አስካለ የድንጋይ ሙቀጫዋን እንኳ በየዓመቱ ታስቦረቡራለች። ሌሎች ቀራጺዎች ሙያውን ሲተዉ፣ ገዝሙ ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ያንኑ ፊት መልሶ ያወጣል። ዘንድሮ ግን አርጅቶ መሮው እጁ ላይ አልጸና አለው።

«በቃ፣ ይደፈን» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ምን ሲደረግ! እኔ እያለሁ?» አስካለ መሮውን ቀማችው። «ከየት ልጀምር?»

«ከአፍንጫሽ። ኧረ ቀስ በይ፣ ሽንኩርት አይደለም!»

«አንተ ዝም ብለህ አሳየኝ፣ ሽማግሌ!»

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የድንጋዩ ፊት ወጣ። ገዝሙ ማስመሪያውን አምጥቶ አፍንጫውን ለካው። አራት ሳንቲሜትር ተኩል ነው።