ማረፊያው የቆመበት መሬት

የመሪው ማረፊያ ቤት ሐይቁን ቁልቁል እያየ ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሯል። ሦስት መሪዎች ተፈራርቀውበታል። የመጀመሪያው አሠራው፤ ሁለተኛው መዋኛ ጨመረለት፤ ሦስተኛው ሁለት ጊዜ መጣና ትንኝ በዛ ብሎ በዚያው ቀረ። አትክልተኛው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው አንድ ሰው ነው።

ቤቱ ሳይሠራ በፊት ቦታው የአትክልተኛው አባት እርሻ ነበር። አባትየው ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። መሬቱ የተወሰደው ታላቁ ልጅ የአዳሪ ትምህርት ቤት ፈተና ውጤቱን ሊያይ ከተማ በሄደበት ሳምንት ነው። እሱ በዚያው ገብቶ ተማረ፤ መሐንዲስም ሆነ። «ከወረዳው ያለፍኩ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ታናሹ ደግሞ ሳምንት ሳይቆይ እዚያው መሬት ላይ ተቀጥሮ ለማረፊያው ግቢ ችግኝ ይተክል ጀመር።

መሐንዲሱን ይኼ ነገር አልዋጥልህ አለው። አባታቸውም እስኪሞቱ ድረስ ታናሽየውን ቀና ብለው አላዩትም፤ ማዕድ ላይ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። «አባባ አንጀታቸው ቆርጦበት ነው» ይላል መሐንዲሱ። እሱም ከቀብሩ ወዲህ ወንድሙን ካነጋገረው ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ዘንድሮ መንግሥት ማስታወቂያ አወጣ። ለማረፊያው ተብሎ በግድ የተወሰደ መሬት፣ ማስረጃ ከቀረበ ለወራሾች ይመለሳል። መሐንዲሱ በማግስቱ መነጽሩንና ከዘራውን ይዞ ማረፊያው ግቢ ከች አለ። የፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ የአባቱን መሬትና መሬቱን አሳልፎ የሰጠውን ሰው ስም። እንዲያውም ከመሬቱ ስሙን አብልጦ ሳይፈልግ አልቀረም።

አትክልተኛው በር ላይ ጠበቀው። እጁ አፈር በአፈር ሆኗል።

«ወንድም ጋሼ፣ የመሬቱን ፋይል አታስከፍተው።»

«ለምን?»

«ይቅርብህ። መሬቱም ይቅርብን። ስንት ዕድሜ ቀረን ብለህ ነው?»

«አንተማ ይቅር ብትል አይፈረድብህም» አለ መሐንዲሱ። «አንዴ ሸጠኸዋላ!»

አትክልተኛው የእጁን አፈር አራገፈ። የውሃ ጎማውን ጠቅልሎ አስቀመጠና ከኋላው ተከተለ።

የማረፊያው መዝገብ ቤት ድሮ የጠባቂዎች መመገቢያ የነበረ ክፍል ነው። መዝገብ ያዧ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። «አይዟችሁ አባቶቼ፣ እዚህ አይጥ ያልቀመሰው ወረቀት አይገኝም» እያለች ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አወረደች። ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

«የርክክቡ ወረቀት ይኸው። ያኔ ማንበብ የማይችል ሰው በአሻራው ሲፈርም፣ ማንበብ የሚችል የቤተሰብ ሰው ወረቀቱን ቃል በቃል አንብቦለት ከሥር ይፈርም ነበር። የአባታችሁ አሻራ አለ። ያነበበላቸው ደግሞ…» ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው። «ታናሽ ልጃቸው ይላል።»

መሐንዲሱ ጠረጴዛውን በከዘራው መታው።

«አላልኩም? ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌ አታለህ አስፈረምክ! በልተህ ያደግክበትን መሬት!» ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ደግሞ ወንድም አለኝ ብዬ…»

«የተጻፈውን ነው ያነበብኩላቸው» አለ አትክልተኛው። «አንዲት ቃል አልጨመርኩም። አንድ ጊዜ ድገምልኝ አሉኝ፤ ደገምኩላቸው።»

«ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምን ዘጋህ?»

«አስምለውኝ ነው።»

«በሞተ ሰው ታሳብባለህ? እፍረት የሚባል አልፈጠረብህም!»

አትክልተኛው ዓይኑ እንባ አቀረረ። መሐንዲሱ እንባውን አይቶ ጭራሽ ባሰበት። ወደ መዝገብ ያዧ ዞረ።

«ልጄ፣ አንብቢው። ጮክ ብለሽ። የሠራውን ጉድ ይስማው።»

«ወንድም ጋሼ፣ በእናታችን ይሁንብህ፣ ተው…»

«አንብቢ አልኩሽ!»

ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦ «መሬቴን ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ፤ ለታናሹ ልጄ የማወርሰው እንደማይኖረኝም አውቃለሁ፤ በመሬቴ ምትክ፣ ፈተናውን የወደቀው ታላቁ ልጄ አዳሪ ትምህርት ቤት ይግባልኝ፤ መውደቁንም ማንም እንዳይነግርብኝ።»