የሚመታ ፖሊስ ላኩልን

“ዱላ የማይዝ ፖሊስ ለምናችን ነው?!”

ዝናው ነው እንዲህ ብሎ የተነሳው… ሐይቅ ከተማ፣ የሰፈር ስብሰባ ላይ።

ጊዜው 2012፣ ሚያዝያ። ኮሮና ገባ ተብሎ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ ሰው ከሰው የሚሸሽበት ሰሞን።

(መሰብሰብ በተከለከለበት ሰሞን የተደረገ ስብሰባ መሆኑን ልብ በሉልኝ…)

ዝናው ገበያው ዳር የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ጭንቀቱ ሁሉ ስለ አባቱ ነበር።

አባቱ አቶ ኃይለ ኢየሱስ አስም አለባቸው። “ይሄ በሽታ ቤቴ ከገባ አባቴን ነው የሚወስድብኝ” እያለ እንቅልፍ አጥቷል።

ታዲያ በማን ቢናደድ ጥሩ ነው?

በኮንስታብል ምስጋናው።

ምስጋናው ገበያውን እንዲጠብቅ የተመደበ ፖሊስ ነው። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ አይጮህም… አይገፋም።

“እናቴ፣ እስቲ ትንሽ ራቅ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ… ወንድሜ፣ ማስክህን ወደ ላይ ሳብ…” እያለ ቀኑን ሙሉ ሲለምን ይውላል።

ሰው እሺ ይለዋል። ዘወር ሲል ግን ተመልሶ ይጠጋጋል።

ይሄ ነው ዝናውን ያበገነው።

“እሱ ሲለማመጥ እኛ ልናልቅ ነው! የሚመታ ፖሊስ ላኩልን!”

ተሰብሳቢው አጨበጨበ።

ምስጋናው እዚያው ነበር። ተነሳና…

“ዱላውማ አልጠፋም” አለ። “የምመታው ሰው ነው የጠፋኝ። አንዷን ሳያት እናቴን ትመስለኛለች፣ አንዱን ሳየው ወንድሜን።”

ሳቁበት።

ብዙም ሳይቆይ ወደ አምባሰል ገጠር ተዛወረ። ሲሄድ የሸኘው የለም። ከዝናው ሱቅ ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጠው ሳጂዳ ብቻ፣ ከሩቅ “አላህ ይጠብቅህ!” አለችው።

አዲሱ ፖሊስ መጣ።

ይሄኛው አይለምንም። ገና በመጣበት ቀን የሳጂዳን ሽንኩርት በእርግጫ በተነው። በማግስቱ አንድ የባጃጅ ሹፌር አስፋልት ላይ አንበረከከ።

ገበያው ጸጥ ረጭ አለ።

ዝናው “አሁን ገና ፖሊስ አየን!” አለ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ… ከገበያው መሃል ጩኸት ተሰማ።

ዝናው ከሱቁ ብቅ አለ። ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። መሃል ላይ ዱላው ከፍ ይላል… ይወርዳል። የሚመታው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መሬት ላይ ተጠቅልሏል። ፊቱ አይታይም።

ዝናው ስልኩን አወጣ። ከሱቁ ደጅ ሳይነቃነቅ ቀረጸ።

እየሳቀ።

ወዲያው ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። “ማስክ አላደርግም ላለ መድኃኒቱ ይኸው! ጀግናችን፣ እጅህ ይባረክ!”

ላይኩ ጎረፈ።

“ይበለው!” … “ጨምርለት!” … “ለኛም ከተማ እንዲህ ያለ ፖሊስ!”

ኮሜንቱን እያነበበ ሳለ ስልኩ ጠራ። ሳጂዳ ናት።

“ዝናው… ጤና ጣቢያ ና። አባትህን ይዘናቸው መጥተናል።”

“ምን ሆኑ?! ኮሮና ነው?”

“ኧረ ኮሮናስ አይደለም… ተደብድበው ነው።”

ለካ አቶ ኃይለ ኢየሱስ የአስማቸው መድኃኒት አልቆባቸው ወደ ልጃቸው ሱቅ እየመጡ ነበር። ገበያው መሃል ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው ሻጮቹ አጠገብ አረፍ አሉ።

ፖሊሱ አልጠየቃቸውም።

“ኧረ በአላህ! ሽማግሌ ናቸው፣ በሽተኛ ናቸው!” ብላ፣ ገና ዝናው ከሱቁ ብቅ ሳይል መሃል የገባችው ሳጂዳ ብቻ ነበረች። እሷም ትከሻዋ ላይ ቀመሰች።

የአባትየው ክንድ ተሰብሯል።

ዝናው እንደ እብድ ሆኖ ፖሊሱን ፈልጎ አገኘው።

“አባቴን ነው እኮ የሰበርካቸው! ማን ፈቀደልህ?!”

ፖሊሱ አልተቆጣም። ስልኩን አወጣና ቪዲዮውን ከፈተለት።

“‘እጅህ ይባረክ’ ያልከኝ አንተ አይደለህ?”



ዝናው ሄዶ ቪዲዮውን ከገጹ አጠፋው። ምን ዋጋ አለው… ሌሎች ወስደው፣ ሙዚቃ ጨምረውበት፣ አገር ይስቅበታል።

ቤት ሲገቡ አባቱ ጠየቁት።

“ልጄ… ያን ሰዓት ሱቅ አልነበርክም እንዴ? ስጠራህ ነበር እኮ።”

“አልነበርኩም አባዬ… ዕቃ ላመጣ ወጣ ብዬ ነበር።”

ዋሸ።

ብቻውን ሲሆን ስልኩ ላይ የቀረውን ቪዲዮ ድምፁን ከፍቶ ሰማው። ከሰዉ ጫጫታ መሃል… ትንፋሽ ባጠረው ድምፅ…

“ዝናው… ዝናው…”

ከሱ በላይ ጎልቶ የሚሰማው ግን የራሱ ሳቅ ነው።

ከቀናት በኋላ ሊጠይቃቸው የመጣ አንድ ዘመድ፣ ማን እንደቀረጸው ሳያውቅ፣ “ይኸው ግፋቸው!” ብሎ ቪዲዮውን ለአባትየው አሳያቸው።

እሳቸው ምስሉን አልተመለከቱም። ሳቁን ሰሙ።

አሳድገውት የለ? ያውቁታል።

አልተቆጡም። አላለቀሱም።

በማግስቱ ዝናው ቁርስ ይዞ ሲገባ ከተኙበት ቀና አሉና…

“እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ለምን ደከሙ?” አሉት።

እርስዎ!

የወለዱትን ልጅ… መንገድ ላይ እንዳገኙት እንግዳ።

ክንዳቸው ከዳነ ቆየ። ማስኩም ተጣለ፣ ኮሮናም ተረሳ። ዛሬም ድረስ ግን “አንተ” ብለው ጠርተውት አያውቁም።

ወገኖቼ…

ሕግ ይከበር ማለት ነውር የለውም። ፖሊስም ሥራውን ይሥራ። ግን “የሚመታ ላኩልን” ብለን የለመንን ቀን፣ ዱላው ማን ላይ እንደሚያርፍ እኛ አንመርጥም። ፊቱን እንኳ ያላየነው ሰው ሲደበደብ የሚያስቀን ከሆነ ደግሞ፣ ችግሩ ፖሊሱ ጋ ብቻ አይደለም።

እናንተስ… ያን ሰሞን እየሳቃችሁ ሼር ያደረጋችሁት ቪዲዮ ውስጥ፣ መሬት ላይ የነበረው ሰው የማን አባት ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ… ካወቃችሁት።