ምንም የማይጠፋበት ሳጥን

ሰውየው የተቃጠለውን ሃርድ ዲስክ በፌስታል ይዞ ሱቁ ገባ። የትም ቢወስደው "አይነሳም" ብለውታል። አሁን የመጣው ሌላ ሊገዛ ነው።

"ቤት ውስጥ ከዋይፋይ ጋር የሚያያዝ፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ሳጥን ፈልጌ ነበር።"

ባለሱቁ ነስረዲን ባለ ሁለት ዲስኩን ከመደርደሪያው አወረደለት። "ይሄ ሁሉን ነገር ሁለት ቦታ ይይዛል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።"

"ሁለቱም ቢቃጠሉስ?"

"ባለ አራትም አለ። እሱ ግን የድርጅት ነው፤ ለቤት ይበዛል።"

"እሱን ስጠኝ።"

ነስረዲን የትልቁን ሳጥን አቧራ እየጠረገ ወደ ፌስታሉ አየ። "ይሄኛው ምን ነካው?"

"መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣ።"

"ታዲያ ሶኬት አይነቀልም እንዴ ጋሼ! አራትም ይሁን አርባ ዲስክ፣ ካልነቀሉት ዋጋ የለውም። እኔ ቤት ገና ድርግም ሲል ልጆቹ ናቸው ተሽቀዳድመው የሚነቅሉት። እርስዎ ቤት ልጅ የለም?"

"ነበረች።"

ነስረዲን አቀረቀረ። "የተረፈ ነገር ካለ ያምጡት፤ እኔ ራሴ እጭንልዎታለሁ" አለ።

ፎቶዋም ቪዲዮዋም ከዲስኩ ጋር ሄዷል። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ አንድ የድምፅ መልእክት ከፈተ። እሱ ሥራ ቦታ እያለ ከቤት የላከችለት ነው።

"አባዬ፣ መብራት ጠፍቷል። ሶኬቱን ሁሉ ነቅያለሁ። አታስብ፣ እሺ?"