የእድሩ ገጽ ጠባቂ

«ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን ዓይኔን ያጥፋው» ብለው ጀመሩ ጋሽ ምንተስኖት።

የእድሩ አባላት የተሰበሰቡት የኢንተርኔት ገጻቸውን የይለፍ ቃል ማን እንደሚይዝ ሊመርጡ ነው። እስከዛሬ ጠባቂው እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ለሌላ ይሰጥ የሚል ሹክሹክታ ስለሰሙ መቀመጫው አልረጋ ብሏቸው ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስልካቸውን በመሀረብ ይወለውላሉ።

«ሌባው ባሕር ማዶ ያለ፣ ስንቱን ባንክ ያራቆተ ጉድ ነው። ምሳ እየበላሁ ከገጹ አስወጣኝ። ተመልሼ ገባሁ። በማግስቱ ደግሞ አስወጣኝ። የሰው ለቅሶ የሚነገርበትን ገጽማ አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ሳምንት ሙሉ ተናነቅሁት። በመጨረሻ ፈርቶ ሸሸ።»

«ባሕር ማዶ መሆኑን በምን አወቁ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ካመታቱ ነዋ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ «እንግዲህ ከእሳቸው ሌላ ማን ይችለዋል?» ሲሉ ጋሽ ምንተስኖት ገና አሁን ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

ኢንተርኔት ቤት ያላት ዘርፌ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ሳስወጣዎት የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ቤት ጽፈው በሄዱ ቁጥር ገጹን ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት ይተዉታል። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው እንዳይገባበት ብዬ፣ ከሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ውጣ የሚለውን እነካለሁ። የተውኩትም ፈርቼ ሳይሆን፣ ካለፈው ሰኞ ወዲህ ብቅ ስላላሉ ነው።»