ፒላተስ በጋቢ ላይ

የፒላተሱ፣ ያ ወለል ላይ ተጋድመው የሚሠሩት ስፖርት፣ ቪዲዮ ካለቀ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ወለሉ ላይ ካነጠፉት ጋቢ ገና አልተነሡም። አራት ጊዜ ሞክረው ወገባቸው እንቢ ብሏቸዋል። በዚህ መካከል ከልጃቸው ጋር የሚኖሩበት የሬክስዴሉ አፓርታማ በር ቁልፍ ሲዞር ሰሙ። ልጃቸው ብቻቸውን መነሣት እንደማይችሉ ካወቀች፣ እርሳቸውን ለመጠበቅ ስትል የነርስነት ትምህርቷን ማቋረጧ አይቀርም። ሪሞቱን በጣታቸው ስበው ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሡት።

«አባባ፣ ገና መጀመርዎ ነው?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«አዎ፣ አሁን መጀመሬ ነው» አሉና ቪዲዮው ላይ እንደምትታየው አሠልጣኝ እግራቸውን ከፍ አደረጉ። «አንቺ ግቢና ዕረፊ።»

ልጅቱ ጠዋት ከድናላቸው የሄደችውን ምሳ አየች፤ አልተነካም። እግራቸው ሲንቀጠቀጥም አየች። ቦርሳዋን አስቀመጠችና ከነካፖርቷ ከጎናቸው ተጋደመች።

«እኔንም ወገቤን አሞኛል» አለች ጣሪያውን እያየች። «አብረን እንሥራና ሲያልቅ አብረን እንነሣለን። ደግሞ ነገ ፈተና አለብኝ፤ አልቀርም።»

አሠልጣኟ ቆጥራ አሥር ሳትደርስ ልጅቱን እንቅልፍ ጣላት። አባቷ እግራቸውን በቀስታ አወረዱ፤ ከዚያም ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን ቀነሱላት።